መጀመሪያ አንዷን ቁራጭ፦ የኢንቴግራልን ተግባራዊ ጥያቄዎች እንዴት እንለማመድ?

ኢንቴግራል «መሥራት» የሚችል ተማሪ ሞልቷል። ሰብስቲቲዩሽን ያውቃል፣ ባይ ፓርትስ ያውቃል፣ የሳይንና የኮሳይኑን ቀመር ከእንቅልፉ ብትቀሰቅሱትም ይነግራችኋል። ከዚያ ፈተና ላይ «ይህ ታንከር ውሃ ሞልቷል፤ ውሃውን በአፉ በኩል ስቦ ለማውጣት ስንት ወርክ ያስፈልጋል?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። እስክሪብቶው ይቆማል። እኔም እዚያው ቦታ ቆሜ አውቃለሁ። ወረቀቱ ላይ የኢንቴግራል ምልክቷን ∫ ጻፍኩ። ከእሱ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ግን ጠፋኝ። ግማሽ ሰዓት አፍጥጬ አፍጥጬ ምልክቷን ብቻዋን አስረከብኳት።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ስለማመድ የኖርኩት ∫ ከተጻፈ በኋላ ያለውን ሥራ ነበር። ተግባራዊ ጥያቄ ላይ ግን ከባዱ ሥራ ምልክቱ ከመጻፉ በፊት ነው ያለው። ስለዚህ እዚህ ስለ ማስላት ብዙ አላወራም። የማወራው አንዲት ስስ ቁራጭ ስለ መቁረጥና እሷ ብቻዋን ምን ያህል እንደምታዋጣ ስለ መጻፍ ነው። ማስላቱንማ ካልኩሌተርም ይሠራዋል።

የሚያስፈልጋችሁ ደብተር፣ እርሳስ፣ ክር፣ ማስመሪያና ከተገኘ የኩሽና ሚዛን ነው። ከሒሳቡ በኩል የፖሊኖሚያል፣ የሳይንና የኤክስፖኔንሻል ኢንቴግራል ከቻላችሁ ይበቃል።

1. ቀመር በሌለበት ጀምሩ

መጽሐፍ ሁልጊዜ ፈንክሽኑን አዘጋጅቶ ያቀርባል። ከመጽሐፍ ውጭ ግን የሚገኘው ቁጥር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ልምምዳችሁ ቀመር የሌለበት ይሁን።

መኪና ውስጥ ተሳፋሪ ሆናችሁ (ሹፌር ሆናችሁ አይሞከርም፣ እባካችሁ) የፍጥነት መቁጠሪያውን በየ10 ሰከንዱ እያያችሁ ጻፉ። አንድ ደቂቃ ይበቃል። እንበልና ይህ ወጣ፦ 0፣ 18፣ 36፣ 45፣ 54፣ 36፣ 18 ኪሎ ሜትር በሰዓት። በዚህች ደቂቃ ምን ያህል ተጓዛችሁ?

ዘልላችሁ አታባዙ። ጊዜው በሰከንድ፣ ፍጥነቱ በሰዓት ነው። መጀመሪያ ሁሉንም ለ3.6 አካፍሉ፦ 0፣ 5፣ 10፣ 12.5፣ 15፣ 10፣ 5 ሜትር በሰከንድ። አሁን የመጀመሪያዋን የ10 ሰከንድ ቁራጭ ብቻ ተመልከቱ። ስትጀምር 0፣ ስታልቅ 5። አማካዩ 2.5 ነው፤ በ10 ሰከንድ 25 ሜትር። ሁለተኛዋ በዚሁ መንገድ 75 ትሰጣለች። ቀጥሎ 112.5፣ 137.5፣ 125 እና 75። ደምሩት፦ 550 ሜትር።

ይህ የትራፒዞይድ ዘዴ ይባላል። ቁራጯን ከ10 ሰከንድ ወደ 5፣ ወደ 1፣ ከዚያም ከዐይን ጥቅሻ ወደምታንስ ጊዜ ስታወርዷት የምታገኙት ኢንቴግራል ነው። ምልክቱ ራሱ ድምር ማለት ነው። ካልኩለስን ከፈጠሩት አንዱ የሆነው ላይብኒትዝ በ1675 ሲጽፈው «ሱማ» ከሚለው የላቲን ቃል የመጀመሪያዋን ፊደል አርዝሞ ነው የወሰደው። መጨረሻ ላይ የምትቀመጠው «ዲቲ» ደግሞ ለጌጥ አይደለችም። የቁራጯ ስፋት ናት። ፍጥነት ሲባዛ በዲቲ አንዲት ትንሽ ርቀት ነው። ይህ ከገባችሁ የቀረው ሁሉ የዚህ ዘመድ ነው።

ውጤቱን ከመኪናው ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ወይም ስልክ ላይ ካለ ካርታ ጋር አስተያዩት። ትንሽ ይለያያል። በጣም ከተለያየ ሁለት ንባብ መሃል ላይ ፍሬን ተይዞ ያመለጣችሁ ሊሆን ይችላል። ያኔ በየ5 ሰከንዱ ድገሙት።

2. የአበባ ማስቀመጫ፣ ክርና ኬፕለር

አሁን ከጊዜ ወደ ቅርጽ እንሂድ። ቤት ውስጥ ክብ ሆኖ መሃሉ የሚሰፋ ወይም የሚጠብ ዕቃ ፈልጉ። እኔ የተለማመድኩት በአንድ የብርጭቆ አበባ ማስቀመጫ ነው። ቁመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ነበር። ክር ጠምጥሜ ዙሪያውን ሦስት ቦታ ለካሁ፤ ታች 18፣ መሃል 24፣ አፉ ላይ 26 ሴንቲ ሜትር።

ዕቃውን በአግድም ቁረጡት ብለን እናስብ። እያንዳንዷ ቁራጭ እንደ ሳንቲም ክብ ናት። ይዘቷ የክቡ ስፋት ሲባዛ በውፍረቷ ነው። የክቡን ስፋት ከዙሪያው ለማግኘት ዙሪያውን በራሱ አባዝታችሁ ለ4·ፓይ፣ ማለትም ለ12.57 ገደማ፣ ታካፍላላችሁ። የእኔዎቹ 25.8፣ 45.8 እና 53.8 ካሬ ሴንቲ ሜትር ሆኑ።

ሦስት ቁጥር ብቻ ሲኖር የሲምፕሰን ዘዴ ትልቅ ውለታ ይሠራል። መሃለኛዋን በ4 ታባዛላችሁ፣ ሁለቱን ዳር ትጨምራላችሁ፣ ድምሩን በቁመቱ አባዝታችሁ ለ6 ታካፍላላችሁ። 25.8 + 183.2 + 53.8 = 262.8። በ12 ተባዝቶ ለ6 ሲካፈል 525.6 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር።

ከዚያ ዕቃውን ባዶውን መዘንኩት፣ ውሃ ሞልቼ ደግሜ መዘንኩት። የውሃው ክብደት 470 ግራም ነበር። አንድ ግራም ውሃ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 55 ያህል ጎድሎብኛል። መጀመሪያ ሒሳቡን ተጠራጠርኩ። ከዚያ ነው ክሩ የጠመጠመው የብርጭቆውን ውጭ መሆኑ ትዝ ያለኝ። የጎደለው የብርጭቆው ውፍረት ነው! ይህቺን ስህተት ደብተር ላይ ብሠራ ኖሮ አላያትም ነበር። ለዚህ ነው ቢያንስ አንዴ እጃችሁን አርጥቡ የምለው።

በነገራችን ላይ የዚህ ልምምድ አባት ኬፕለር ነው። ያው የፕላኔቶችን እንቅስቃሴ ሕግ ያገኘው ኬፕለር። በ1613 ለሁለተኛ ሠርጉ ወይን በበርሜል ሲገዛ ሻጩ ዘንግ በበርሜሉ ቀዳዳ አጋድሞ ከትቶ፣ የረጠበውን ርዝመት አይቶ ዋጋ ሲነግረው አልዋጥለት አለ። በርሜሉ ሰፊም ጠባብም ቢሆን ዘንጉ እኩል ሊረጥብ ይችላላ! በ1615 ስለ በርሜል ይዘት መጽሐፍ አሳተመ። አሁን በሲምፕሰን ስም የምናውቃት ዘዴ ሲምፕሰን ከመወለዱ በፊት ኬፕለር ዘንድ ነበረች። ጀርመኖች እስከ ዛሬ «የኬፕለር የበርሜል ሕግ» ይሏታል።

3. ታንከሩን እንጋፈጠው

ወደዚያ ወዳስቆመኝ ጥያቄ እንመለስ። ሬዲየሱ 1 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ የቆመ ሲሊንደር ታንከር አለ። እስከ አፉ ሞልቷል። ውሃውን በሙሉ እስከ አፉ ጠርዝ አንስቶ ለማፍሰስ ስንት ወርክ ያስፈልጋል?

ወርክ ማለት ክብደት ሲባዛ በተነሳበት ከፍታ ነው። ችግሩ ውሃው ሁሉ እኩል አለመነሳቱ ነው። ላይ ያለው ምንም አይነሳም ማለት ይቻላል። ታች ያለው 2 ሜትር ይነሳል። ታዲያ በየትኛው አቅጣጫ እንቁረጥ?

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የምትቆርጡት በአንዲት ቁራጭ ውስጥ የሚለዋወጠው ነገር አንድ ዓይነት እንዲሆን ነው። እዚህ የሚለዋወጠው የሚነሳበት ከፍታ ነው። በአግድም ብትቆርጡ በአንዷ ቁራጭ ውስጥ ያለው ውሃ ሁሉ እኩል ይነሳል። በቁም ብትቆርጡ ግን የአንዷ ቁራጭ ራሷ ላይኛው ጫፍና ታችኛው ጫፍ ይለያያሉ፤ ምንም አልፈታችሁም። ይህ ውሳኔ የጥያቄው ግማሽ ነው።

እንቁረጥ። ከታንከሩ ወለል «ዋይ» ሜትር ከፍታ ላይ ውፍረቷ «ዲዋይ» የሆነች የውሃ ቁራጭ ናት። ስለ እሷ የምናውቀውን በየመስመሩ እንጻፍ፦

ይዘቷ፦ ፓይ·ዲዋይ ኪዩቢክ ሜትር (ሬዲየሱ 1 ስለሆነ)።
ክብደቷ፦ 9800·ፓይ·ዲዋይ ኒውተን (አንድ ኪዩቢክ ሜትር ውሃ 9800 ኒውተን ገደማ ይመዝናል)።
የምትነሳበት፦ 2 − ዋይ ሜትር።
የእሷ ወርክ፦ 9800·ፓይ·(2 − ዋይ)·ዲዋይ ጁል።

አሁን ብቻ ∫ን ከፊቷ አስቀምጡ። ከየት እስከ የት? ውሃው ካለበት እስካለበት፤ ከ0 እስከ 2። የ(2 − ዋይ) ኢንቴግራል 2 ይወጣል። ስለዚህ 9800·ፓይ·2፣ ማለትም 61,575 ጁል ያህል።

ልክ መሆኑን በሌላ መንገድ እንይ። ውሃው በጠቅላላው 6.28 ኪዩቢክ ሜትር ነው፤ 61,575 ኒውተን ይመዝናል። መሃሉ ከአፉ 1 ሜትር ይርቃል። ሁሉም ውሃ በአማካይ 1 ሜትር ተነሳ ማለት ነው። ገጠመ። ለንጽጽር ያህል፣ ባለ 4000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የስልክ ባትሪ ሲሞላ የሚይዘው 55,000 ጁል ገደማ ነው። ከስድስት ቶን በላይ ውሃ አንድ ሜትር ለማንሳት ከአንድ የስልክ ቻርጅ ትንሽ የሚበልጥ ኢነርጂ! እኔ ይህን ሳሰላ ሁለት ጊዜ ነው የደገምኩት።

4. አዲስ ጥያቄ ከመፈለግ ይህንኑ አጣምሙት

ብዙ ሰው ሃምሳ የተለያየ ጥያቄ ይሠራል። እኔ አንዱን ወስዳችሁ አምስት ጊዜ ብታጣምሙት ይሻላል ባይ ነኝ። ምን ሲቀየር ምን እንደሚቀየር የሚታየው ያኔ ነው።

ውሃው በአፉ ሳይሆን ከአፉ 1.5 ሜትር ከፍ ባለ ቧንቧ ቢወጣስ? የምትነሳበት መስመር ብቻ ይቀየራል፤ 3.5 − ዋይ ይሆናል። ገደቦቹ ከ0 እስከ 2 እንደሆኑ ይቆያሉ። ብዙ ተማሪ እዚህ ገደቡን ወደ 3.5 ይለውጣል፤ ግን እዚያ ላይ ውሃ የለማ! መልሱ 153,938 ጁል ነው።

ውሃው እንደ መጀመሪያው በአፉ እየወጣ፣ ታንከሩ ግማሽ ድረስ ብቻ ቢሞላስ? አሁን ገደቡ ነው የሚቀየረው፤ ከ0 እስከ 1። መልሱ 46,181 ጁል። ውሃው ግማሽ ነው፣ ወርኩ ግን ሦስት አራተኛ። የቀረው ውሃ ታች ያለው፣ ማለትም ከባዱ ድርሻ ስለሆነ ነው።

ታንከሩ ጫፉ ወደ ታች የሆነ ኮን ቢሆንስ? አፉ ላይ ሬዲየሱ 1፣ ቁመቱ ያው 2። አሁን የይዘት መስመር ይቀየራል። በዋይ ከፍታ ላይ ሬዲየሱ የዋይ ግማሽ ነው። መልሱ 10,263 ጁል ይመጣል። ኮኑ የሲሊንደሩን አንድ ሦስተኛ ውሃ ይይዛል፣ ወርኩ ግን አንድ ስድስተኛ ብቻ ነው። ለምን? መልሱን ለእናንተ ልተወው፤ ውሃው በብዛት የት እንደተከማቸ ማየት ይበቃል።

5. አሃዱን አትልቀቁ

በየመስመሩ አሃድ የጻፍኩት ለወጉ አይደለም። ቁራጯ በጁል ካልሆነች ድምሩም ጁል አይሆንም። አሃዱ ካልገጠመ አንድ ነገር ረስታችኋል ማለት ነው። ይህ ደግሞ ከሁሉም ርካሹ መፈተሻ ነው።

ውዱን ምሳሌ ናሳ ከፍሎበታል። ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለችው መንኮራኩር በመስከረም 1999 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ማርስ ስትደርስ ጠፋች። የሞተሮቿ ግፊት ያስከተለው ኢምፐልስ፣ ማለትም የፎርስ ኢንቴግራል በጊዜ ላይ፣ ከአንዱ ሶፍትዌር በፓውንድ ሰከንድ ይወጣ ነበር። ተቀባዩ ደግሞ ኒውተን ሰከንድ ነው ብሎ ይወስደው ነበር። ልዩነቱ 4.45 እጥፍ ነው። ኢንቴግራሉ ምንም አልነበረበትም።

6. ከማስላታችሁ በፊት ገምቱ

∫ ከጻፋችሁ በኋላ፣ ከማስላታችሁ በፊት፣ ከስንት እንደማያንስና ከስንት እንደማይበልጥ ጥጉ ላይ ጻፉ። ታንከሩ ላይ ሁሉም ውሃ 2 ሜትር ቢነሳ 123 ሺህ ጁል ነበር፤ ስለዚህ መልሱ ከዚያ ማነስ አለበት። መልሳችሁ 400 ሺህ ከመጣ ሳትጨነቁ ትመለሳላችሁ።

የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ ነገርም እዚሁ ይያዛል። ፍጥነቱ 6 − 2·ቲ ሜትር በሰከንድ የሆነ ነገር ከ0 እስከ 5 ሰከንድ ተንቀሳቀሰ። ዝም ብላችሁ ኢንቴግሬት ብታደርጉ 5 ሜትር ይወጣል። ያ ግን ከተነሳበት ቦታ ያለው ርቀት ነው። በ3ኛው ሰከንድ ዞሮ ተመልሷል፤ 9 ሜትር ሄዶ 4 ሜትር ተመለሰ። የተጓዘው 13 ሜትር ነው። ጥያቄው «የት ደረሰ?» ነው ወይስ «ስንት ተጓዘ?» ብላችሁ ሳትለዩ አትጀምሩ።

7. በሌሎች መስኮች ቶሎ ቶሎ

*ግድብ ላይ ያለ ፎርስ።* ስፋቱ 10፣ ጥልቀቱ 6 ሜትር የሆነ ግድግዳ ውሃ ተደግፎታል። ግፊቱ ከጥልቀቱ ጋር ስለሚጨምር ቁራጯ አግድም ስስ ንጣፍ ናት፤ 9800·ዋይ·10·ዲዋይ (ዋይ እዚህ ከውሃው ላይኛ ገጽ ወደ ታች ያለው ጥልቀት ነው)። ድምሩ 1,764,000 ኒውተን። ልብ በሉ፣ ከግድግዳው ጀርባ ውሃው አንድ ሜትር ይሁን አንድ ኪሎ ሜትር ይርዘም ሒሳቡ ውስጥ አልገባም። ጥልቀቱ እጥፍ ቢሆን ግን ፎርሱ አራት እጥፍ ይሆናል።

*የሶላር ፓኔል።* ፓወሩ ጠዋት ከ0 ተነስቶ እኩለ ቀን 300 ዋት ደርሶ በ12 ሰዓት ውስጥ ወደ 0 በሳይን ቅርጽ ይወርዳል እንበል። ቁራጯ ፓወር ሲባዛ በዲቲ ናት። ድምሩ 2292 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ለ12 ብታካፍሉት አማካዩ 191 ዋት ይሆናል። ብዙ ሰው ከጫፍና ከዜሮ መሃል ወስዶ 150 ይላል። ሳይን ግን ላይ ሲደርስ ትንሽ ይቆያል፤ አማካዩ የጫፉ 64 ከመቶ ነው።

*መድኃኒት በደም ውስጥ።* 200 ሚሊ ግራም በደም ሥር ተሰጠ፤ መጠኑ በሊትር ከ8 ሚሊ ግራም ጀምሮ በሰዓት 0.2 በሆነ የኤክስፖኔንሻል ፍጥነት ይቀንሳል። ከግራፉ ሥር ያለው ስፋት 8 ሲካፈል ለ0.2፣ ማለትም 40 ነው። 200ን ለ40 ስታካፍሉ ሰውነት በሰዓት 5 ሊትር «ያጸዳል» ማለት ነው። በዚሁ በሕክምናው ዓለም በ1994 አንዲት ተመራማሪ ከስኳር ግራፍ ሥር ያለውን ስፋት የምታሰላበትን አዲስ ዘዴ ብላ አሳተመች። ዘዴው ትራፒዞይድ ሆኖ ተገኘ። እኛ በመጀመሪያው ደረጃ መኪና ውስጥ የሠራነው!

*ስልካችሁ።* ውስጡ ያለው አክሰለሮሜትር አክሰለሬሽን፣ ማለትም ፍጥነት በየሰከንዱ የሚለወጥበትን መጠን፣ ይለካል። ቦታ ለማግኘት ሁለት ጊዜ ኢንቴግሬት ማድረግ ያስፈልጋል። ሴንሰሩ ሁልጊዜ 0.01 ሜትር በሰከንድ ካሬ ብቻ ቢያስት፣ በ60 ሰከንድ ውስጥ ስህተቱ 0.5 × 0.01 × 3600 = 18 ሜትር ይደርሳል። ስልክ በዚህ ብቻ ተማምኖ መንገድ የማይመራችሁ ለዚህ ነው።

8. ሳምንቱን እንዴት ልጠቀምበት?

ሁለት ቀን ማዋቀር ብቻ ሥሩ። አሥር ጥያቄ ወስዳችሁ ቁራጯን፣ አሃዷንና ገደቡን ጽፋችሁ ∫ ላይ ስትደርሱ አቁሙ። አታስሉ። መጀመሪያ ላይ እጅ ያሳክካል፣ ግን ለውጡ የሚመጣው ከዚህ ነው። በሦስተኛው ቀን ከእነሱ ሦስቱን ብቻ እስከ መጨረሻ ሥሩና ጂኦጀብራ ወይም ዴስሞስ በሚባሉት የሒሳብ ሶፍትዌሮች አመሳክሩ። የተሳሳታችሁትን በቀይ አርማችሁ አትለፉት። ከሳምንት በኋላ መልሱን ሳታዩ ከባዶ ድገሙት።

ሌላው ቀን የተገላቢጦሽ ይሁን። ኢንቴግራሉን ያዙና ታሪክ ጻፉለት። ለምሳሌ የ(12 − 1.5·ቲ) ኢንቴግራል ከ0 እስከ 8፤ መልሱ 48 ነው። እኔ አንዴ ሲጻፍልኝ በ12 ሜትር በሰከንድ እየሄደ ፍሬን የያዘ መኪና አደረግሁት፤ 48 ሜትር ሄዶ ቆመ። ሌላ ጊዜ ቀስ እያለ የሚዘጋ ቧንቧ ሆነ፤ 48 ሊትር ወጣ። ያኔ ቁጥሩ ያው፣ አሃዱ ሌላ። ሦስተኛውን ታሪክ እናንተ ጻፉ። ቲ ጊዜ ያልሆነበት ቢሆን ደግሞ የበለጠ ጥሩ።

ለዛሬ የምትወስዱት አንድ ጥያቄ ይኸው። ሬዲየሱ 2 ሜትር የሆነ የግማሽ ኳስ ቅርጽ ያለው ገንዳ እስከ አፉ ሞልቷል፤ ውሃውን እስከ ጠርዙ ለማንሳት ስንት ወርክ ያስፈልጋል? ዋይን ከአፉ ወደ ታች ለኩት፤ ሥራችሁን ያቀልላችኋል። የቁራጯን ሬዲየስ ፓይታጎረስ ይነግራችኋል። ከ123 ሺህ ጁል ትንሽ ብቻ ከፍ ያለ ቁጥር ካገኛችሁ በትክክል ቆርጣችኋል። ካልሆነ ስሌቱን ትታችሁ መጀመሪያ የቁራጯን አራት መስመር ተመልከቱ።